ስለ አይን መርፌውና ከጀርባው ስላለው ሰውዬ፣ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ነው ያለሁት፣ አይን ክፍል ውስጥ ነው የምሰራው። ባለፈው እይታ ለማዳን አይን ውስጥ ለሚወጋው መርፌ መነሻ የሆነውን ነገር ስላገኘው ተመራማሪ፣ ስለ ናፖሊዮኔ ፌራራ፣ ሁለት መስመር ጻፍኩና ጥያቄ ዘነበብኝ፣ ዛሬ እረፍቴ ነው፣ ዝናቡ ደሞ ከቤት አላስወጣኝም፣ በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብዬ ቡናዬን ይዤ እመልሳለሁ። አመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው።

ጥያቄ፦ ሰውየው የአይን ሀኪም ነው ወይስ የካንሰር?

ሁለቱንም አይደለም፣ እኔን የሚገርመኝም እሱ ነው። ጣልያን፣ ሲሲሊ ውስጥ ካታኒያ የሚባል ከተማ ተወልዶ ህክምናውንም እዛው ነው የተማረው፣ ከዛ ሳን ፍራንሲስኮ ሄዶ ከከብት ጭንቅላት ስር ያለችውን ፒቱታሪ የምትባል እጢ ሴሎች ላቦራቶሪ ውስጥ ያሳድግ ነበር። ሴሎቹ የኖሩበትን ፈሳሽ ወስዶ የደም ስር ሴል ላይ ሲያደርገው የደም ስር ሴሉ መራባት ይጀምራል። ምንድነው ይሄ ነገር ብሎ ያዘው በቃ፣ አለቀቀውም። በ1988 ጄነንቴክ የሚባል ካምፓኒ ሲቀጥረው ስራህ ሪላክሲን ነው ተባለ፣ የእርግዝና ሆርሞን ነው፣ የፈሳሹን ነገር የሰራው በትርፍ ሰአቱ ነው። በ1989 አጣርቶ አወጣው፣ ቬጅኤፍ አሉት። ቦስተን ያሉ ተመራማሪዎች ደሞ በ1983 የደም ስርን የሚያስፈስስ ነገር አግኝተን ነበር ብለዋል፣ ለካ ያው አንድ ነገር ነው።

ካንሰሩ የመጣው ከዛ በኋላ ነው። የካንሰር እጢ ለማደግ ደም ስለሚፈልግ ቬጅኤፍን ብናፍነውስ አሉ፣ በ1993 አይጥ ላይ ሞከሩት ሰራ፣ ቬጅኤፍን የሚያፍነው መድሀኒት፣ አቫስቲን፣ ለአንጀት ካንሰር የተፈቀደው ግን በ2004 ነው። አስራ አንድ አመት!

ጥያቄ፦ ታድያ ከአይን ጋር ምን አገናኘው?

ጅማ ያደገ ሰው ይሄ አይጠፋውም። ቆርቆሮው ሲያፈስ ኮርኒሱ እንደ ሆድ ተነፍቶ ሲንጠለጠል አይታችኋል አይደል? ማኩላ ማለት ሬቲና የሚባለው ከአይን ጀርባ ያለው ብርሀን ተቀባይ ስስ ሽፋን መሀል ያለች የጠራውን የምናይባት ቦታ ናት፣ በስኳር የተጎዳ ደም ስር ሲያፈስባት ልክ እንደዛ ታብጣለች። ሬቲና ኦክስጅን ሲያጣ ደም ላኩልኝ ብሎ ይጣራል፣ የሚጣራበት ድምፅ በሉት ቬጅኤፍ ነው። ጥሪውን ሰምቶ የሚበቅለው አዲሱ ደም ስር ደሞ ቀሽም ነው፣ ያፈሳል፣ ይደማል።

ማይክልሰን የሚባል የአይን ሀኪም በ1948 ሬቲና ውስጥ ደም ስር የሚጠራ የማናውቀው ነገር አለ ብሎ ነበር። በ1994 የስኳር በሽተኞች አይን ውስጥ ካለው ፈሳሽ ተቀድቶ ሲለካ ቬጅኤፍ ሞልቶበት ተገኘ፣ ፌራራም ከጥናቱ ጸሀፊዎች አንዱ ነው። እነ ፌራራ ከዛ ለአይን ብለው አነስ ያለች ሞለኪውል ሰሩ፣ ሉሴንቲስ ትባላለች፣ በ2006 ተፈቀደች። ከሷ በፊት በእርጅና ለሚመጣው፣ ደም ስር ለሚያፈስበት፣ እርጥብ ለሚሉት የማኩላ በሽታ የነበረው ህክምና ቢበዛ መውረዱን ያዘገያል እንጂ እይታ መልሶ መስጠቱ ብርቅ ነበር። በሷ ግን ከሶስት አንዱ ገደማ ሰሌዳው ላይ 15 ፊደልና ከዛ በላይ ጨምሮ አነበበ።

ጥያቄ፦ እናቴን የወጓት ግን አቫስቲን ነው ብለውናል። የካንሰር መድሀኒት ለምን አይኗ ውስጥ ይገባል?? ተጭበርብረን ነው?

አልተጭበረበራችሁም እህቴ። ሉሴንቲስ ገና ሳትፈቀድ በ2005 ማያሚ ያለ ሮዘንፌልድ የሚባል ሀኪም አቫስቲኑን በትንሹ አይን ውስጥ ቢሰጠው ሰራለት፣ ወሬው በወራት ውስጥ አለምን አዳረሰ። ፋብሪካው ለአይን ብሎ አላስፈቀደውም፣ ዋጋው ግን ሌላ አለም ነበር፣ ያኔ አሜሪካ ውስጥ ሉሴንቲስ ለአንዴ 2,000 ዶላር ገደማ ስትሆን አቫስቲን 50 ገደማ ነበር። የአሜሪካ መንግስት ራሱ ገንዘብ መድቦ ሁለቱን አወዳደረ፣ በ2011 ውጤቱ ሲወጣ እይታ ላይ እኩል ናቸው። የአለም ጤና ድርጅትም በ2013 አቫስቲንን ለአይን ብሎ መሰረታዊ መድሀኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። እንደኛ ላለ አገር ያ ጥናት ከመድሀኒቱ ግኝት አይተናነስም ባይ ነኝ። ጥንቃቄው አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ሰው ሲከፋፈል ንፅህናው ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ያማል?

ከማመሙ ፍርሀቱ ይብሳል። ማደንዘዣ ጠብታ ይደረጋል፣ ከዛ ቡናማ አዮዲን፣ እሱ ነው የሚቆጠቁጠው፣ በኋላ የአይኑን ቆብ ከፍቶ የሚይዝ ሽቦ ይገባና ወደ ላይ እይ ትባላለህ። መርፌው ነጩ ላይ ከጥቁሩ ዳር 4 ሚሊሜትር ገደማ ርቆ ነው የሚገባው፣ መድሀኒቱ አንድ ጠብታ ታክላለች፣ ጥቂት ሰከንድ ነው የሚፈጀው። ማታ ጥቁር ክብ ነገር ሲንሳፈፍ ብታይ አትደንግጥ፣ የአየር አረፋ ነው፣ በቀን በሁለት ቀን ይጠፋል። አይንህ እየቀላ እየባሰ ህመምና ብዥታ ከመጣ ግን ነገ አትበል፣ በዛው ቀን ና።

ጥያቄ፦ ቡና ልተው?

ጅማ ላይ ይሄ ይጠየቃል? ሲጋራውን ተው።

ጥያቄ፦ የአጎቴ ልጅ ከልጅነቱ ጀምሮ ማታ አያይም፣ አሁን ዙሪያው እየጠበበት ነው። መርፌው ይረዳዋል?

አይ፣ የሱ ከዘር የሚመጣው ይመስላል፣ መታየት አለበት። ለሱ አይነቱ ሌላ መንገድ አለ፣ ጂን ማስገባት። ጂን ቤኔት የምትባል ተመራማሪና ባለቤቷ አልበርት ማጓየር ላንስሎት የሚባል አይነ ስውር ሆኖ የተወለደ ውሻ እንዲያይ ካደረጉት ቡድን ውስጥ ናቸው፣ ያ በ2001 ወጣ፣ ለሰው የሆነው ሉክስተርና የተፈቀደው በ2017 መጨረሻ። የሚሰራው ግን አርፒኢ65 የሚባለው ጂን ለተበላሸበት ብቻ ነው፣ ዋጋው ሲወጣ ለሁለት አይን 850,000 ዶላር ነበር። ስለዚ ዝም ብሎ ተስፋ መስጠት ይከብደኛል።

ጥያቄ፦ ፌራራ ሀብታም ሆነ?

በ2010 ላስከር የሚባለውን ትልቅ የህክምና ሽልማት፣ በ2013 የ3 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ወስዷል። አልተራበም 😄

ጥያቄ፦ ህክምና ሁለተኛ አመት ነኝ፣ እንደሱ ተመራማሪ ልሁን ብል ከየት ልጀምር?

ከበሽተኛ። ማሽን የለንም ላቦራቶሪ የለንም ይባላል፣ እውነት ነው፣ ግን ጥያቄው ኦፒዲ፣ ተመላላሽ ክፍሉ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦልሃል። አንድ አባት መጡ፣ ቡና ነጋዴ ናቸው፣ የሚዛናቸው ዘንግ ተጣመመ ብለው ሁለቴ ሰሪ ጋ ወስደውታል፣ ሰሪውም ደህና ነው ብሎ ሁለቴ መልሶላቸዋል። የተጣመመው ማኩላቸው ነው! አንድ አይናቸውን ሸፍነን በራፉን እዩ ስንላቸው መቃኑም ጎብጦ ታያቸው። ስድስት ወር አልፏል፣ ጠባሳ ሰርቷል፣ መርፌው ብዙም አልረዳቸው። እኚህ ሰውዬ ስድስት ወር የት ቆዩ፣ ስንቱስ እንደሳቸው ሚዛን ያሰራል? ይሄን መቁጠር ጥናት ነው፣ የሚያስፈልግህ ደብተርና ትእግስት ነው። ስታቲስቲክስ ግን አትሽሽ፣ እኔ ሸሽቼ ዛሬ እየከፈልኩ ነው።

ጥያቄ፦ እማዬ ስኳር አለባት፣ አይኔ ደህና ነው ትላለች፣ ለማንኛውም ብለን ለሰኞ ቀጠሮ አስይዘንላታል። ምን ይዛ ትምጣ?

ጎበዝ፣ ደህና ነው እያለች መምጣቷ ነው ጥሩው። የምትወስደውን መድሀኒት በሙሉ፣ የስኳር መለኪያ ደብተሯን ካለ፣ ደሞ የሚደግፋት ሰው ይዛ ትምጣ፣ ብሌን የሚከፍት ጠብታ ስለምናደርግላት ለሰአታት ብዥ ይልባታል፣ ብርሀኑም ያስቸግራታል። ሻሿን ወይ ጃንጥላ አትርሳ። ኩል እንዳትኳል በላት።