ፊልሙ ይሄዳል፣ ስብሰባው ይደርቃል

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምንኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። ሥራዬ ከቤት ስለሆነ በየቀኑ የቪዲዮ ስብሰባ አለብኝ። ያለን በስልክ መስመር የሚመጣው የድሮው ዋይፋይ ነው። ልጆቹ ፊልም ያያሉ፣ እኔ ስብሰባ ስገባ ግን ፊቴ ይደርቃል። ፋይበር ላስገባ ወይስ ሲም የሚገባበት ራውተር ልግዛ?

መልስ፦ እህቴ፣ በስልክ ሽቦ የሚመጣው ኢንተርኔት፣ ኤዲኤስኤል የሚባለው፣ ድሮም ሲሠራ ማውረጃው ሰፊ፣ መላኪያው ጠባብ ሆኖ ነው፤ መላኪያው ብዙ ጊዜ 1 ሜጋቢት ገደማ ነው። ፊልም ስታዪ ታወርጃለሽ፣ ስብሰባ ላይ ግን የራስሽን ምስል መላክ አለብሽ። የመዳብ ሽቦ ደግሞ ርቀት አይወድም፤ ቤትሽ ከስልክ ጣቢያው በራቀ ቁጥር ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ስለዚህ ፓኬጅ ብታሳድጊም ሽቦው ካልቻለ ብርሽን ነው የምታባክኚው።

ፋይበር ሕንፃሽ ድረስ ከገባ አታመንቺ፣ አስገቢ። ካልገባ ግን “በቅርቡ ይገባል” ስላሉሽ ብቻ አትጠብቂ። እኔም እንደዚያ ተብዬ ክረምቱ አልፎ በጋው መጥቷል። ደግሞ የፋይበሩ ሳጥንም ራውተሩም የሚሠሩት በመብራት ነው፣ መብራት ሲሄድ አብረው ይሄዳሉ። ሚኒ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ትንሽ ባትሪ፣ ትፈልጊያለሽ፤ ስትገዢ ቮልቱ ከሁለቱም ጋር መግጠሙን እዪ።

የሲም ራውተር ጥሩነቱ ዛሬ ገዝተሽ ዛሬውኑ መጠቀምሽ፣ ቤት ስትቀይሪም ይዘሽው መሄድሽ ነው። ለተከራይ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. ከገባ ወዲህ ደግሞ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ምርጫ አለ። ችግሩ አንቴናውን ከሰፈሩ ሁሉ ጋር መጋራትሽ ነው፤ ጠዋት ይበራል፣ ማታ ሁሉም ቤቱ ሲገባ ይንቀራፈፋል። ስለዚህ ከመግዛትሽ በፊት የሁለቱንም ሲም ስልክሽ ላይ አድርጊና፣ ዋይፋዩን ዘግተሽ፣ አንዴ በስብሰባሽ ሰዓት አንዴ ማታ 2 ሰዓት ላይ መስኮት አጠገብ ፍጥነቱን ለኪ። የምታዪው የመላኪያውን ቁጥር ነው። 4 ሜጋቢት ካገኘሽ ለስብሰባ ይበቃሻል። “ያልተገደበ” ሲሉሽም ከስንት ጊጋባይት በኋላ ፍጥነቱ እንደሚቀንስ ጠይቂ።

እስከዚያው ስብሰባ ስትገቢ የሁሉንም ስልክ የፎቶ ባክአፕ፣ ፎቶዎቹን በራሱ ወደ ኢንተርኔት የሚልከውን፣ አጥፊ። ያቺን ጠባብ መላኪያ ብዙ ጊዜ የሚዘጋት እሱ ነው።