«እኔ ስደርስ ጨዋታው ይቆማል»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደ ድሬ ልጅ «አንተ» ብልህ ቅር አይበልህ። ድሬዳዋ ውስጥ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ እሠራለሁ። ስድስት ዓመት ማሽን ላይ ቆይቼ ከአራት ወር በፊት የፈረቃ ኃላፊ ሆንኩ። ሥሬ 18 ሰዎች አሉ። ድሮ አብረን ቡና የምንጠጣ ልጆች አሁን እኔ ስደርስ ጨዋታው ይቆማል። «እርስዎ» ይሉኛል። ባለፈው በዕድሜ የምትበልጠኝን ሴት በተበላሸ ኮሌታ ሰው ፊት ተቆጣኋት፤ ከዚያ ወዲህ ባሰ። የሦስት ቀን የአመራር ሥልጠና ወስጃለሁ፤ ሰርተፊኬቱ ቤት አለ። አለቃዬ ደግሞ «ኮች ያስፈልግሻል» ይለኛል። ትሁት ልሁን ካልኩ ግን የሚንቁኝ ይመስለኛል። ምን ላድርግ?
የፈረቃ ኃላፊዋ፣ ከሳቢያን

መልስ፦ እህቴ፣ «እርስዎ» የምትለዋ ቃል ላይ ቆምኩ። ሌላ ከተማ ቢሆን አክብሮት ነው ብዬ አልፋት ነበር። ድሬ ላይ ግን ልጅ አባቱን «አንተ» ይላል። ከቀፊራ እስከ ከዚራ የማያውቅሽ ባለባጃጅ «አንቺ» ይልሻል፤ ፍቅር ነው። አብሮሽ ቡና የጠጣ ሰው «እርስዎ» ካለሽ እየራቀሽ ነው።

እኔም ደርሶብኛል። የጥገና ክፍል ኃላፊ ሳለሁ አንድ ረዳት የአንድ ማሽን ኩሽኔታ ሲጮኽ ሦስት ቀን ሰምቶ ዝም አለ። በአራተኛው ቀን ማሽኑ ቆመ። «ለምን አልነገርከኝም?» ስለው መሬት መሬት አየ። ለካ ከሳምንት በፊት በሰው ፊት ጮኼበት ነበር። ያን ቀን የገባኝ ይህ ነው፦ ሰው የሚፈራው ኃላፊ ችግሩን የሚሰማው ከሁሉም በኋላ ነው።

ያኔ የረዱኝ አንድ ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው። በየሳምንቱ ሐሙስ ከዚራ ዛፍ ሥር ሻይ እየጠጣን እንገናኝ ነበር። ምክር አልሰጡኝም። ጠመኔ ያዝ አሉኝ። ስታዝ በግራ፣ ስትጠይቅ በቀኝ አንድ አንድ ጭረት። የመጀመሪያው ቀን በግራ 23፣ በቀኝ 2 ሆነ። ከሁለቱ አንዱ «ለምን አረፈድክ?» ነበር። «ይሄ ጥያቄ ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ኮች ማለት እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ነው። ሥልጠና ዕውቀት ይሰጥሻል። ኮች ግን ሥራሽ ላይ እያለሽ ያይሽና ያየውን መልሶ ያሳይሻል። ነገሩ የመጣው ከስፖርት ሜዳ ነው። ቲሞቲ ጋልዌይ የሚባል አሜሪካዊ የቴኒስ አሠልጣኝ ትእዛዝ ሲያበዛ ተማሪው እንደሚደናገር፣ ኳሷን ብቻ እንዲያስተውል ሲተወው ደግሞ እንደሚሻሻል አየ። ይህን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጻፈው። ራሱ የመኪና እሽቅድምድም ተወዳዳሪ የነበረው እንግሊዛዊው ጆን ዊትሞር ወደ መሥሪያ ቤት አመጣው። ጥያቄዎቹ ቀላል ናቸው፦ ምን ትፈልጊያለሽ? አሁን ምን ላይ ነሽ? ምን ምን መንገድ አለሽ? የትኛውን፣ መቼ ትጀምሪያለሽ?

ኮችሽ አለቃሽ ባይሆን እመርጣለሁ። ደመወዝሽን ለሚወስን ሰው ድካምሽን መንገር ይከብዳል። ሥራውን የሚያውቅ፣ ምስጢር የሚጠብቅ፣ በሳምንት ግማሽ ሰዓት የሚሰጥሽ ሰው ፈልጊ። ቢያንስ ሦስት ወር ቆዩ። አንዳንዴም መጥቶ ስትሠሪ ይይሽ።

«ይንቁኛል» ላልሽው፣ ትህትና ማለት ሁሉንም እሺ ማለት አይደለም። የመርፌ መከላከያ ሳይኖር ማሽን አይነሳም፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም። የተሳሳተን ሰው ማረምም ሥራሽ ነው፤ ግን ለብቻው ጠርተሽ። ሰው የሚንቀው የማይወስን ኃላፊን ነው። ጠይቆ፣ አዳምጦ የሚወስንን ማን ይንቃል?

አሁን ወደዚያች ሴት። ሰው ፊት ነውና የተቆጣሻት፣ ይቅርታውም ሰው ፊት ይሁን። አጭር ይሁን፤ «ግን አንቺም» የሚል ነገር አትጨምሪበት። ከዚያ ኮሌታው ላይ ምን እንደሚያስቸግራት ጠይቂያት። ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ የሚቀናት ከሆነ በእሱ ጠይቂያት፤ መቼም የድሬ ልጅ ነሽ። ወዲያው ካልመለሰች አንቺ አትመልሽላት። ቁጭ በይና ጠብቂ።