ስለ ዝላይ ጫማና ስለ ሚስማሩ የጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን የጻፋችሁልኝን ሳገላብጥ ግማሹ ስለ ስፓይክ፣ ማለትም ሶሉ ላይ ሚስማር ስላለው ጫማ፣ ነው። ያውም የሯጭ ሳይሆን የዘላይ። ደስ ብሎኛል፤ እኛ አገር ከሯጭ ውጭ ያለውን አትሌት ማን ያስታውሰዋል?

ልጄ 15 ዓመቱ ነው፤ በትምህርት ቤቱ ርዝመት ይዘላል። የሚንደረደረው አፈር ላይ ነው። ከጫማው ጋር የመጣው ሚስማር 6 ሚሊ ሜትር ነው። ጓደኞቹ «አጭር ነው፣ 15 ግዛ» ይሉታል። ምን ላድርግ? (እናት፣ ከአሰላ)

ጓደኞቹን ይተዉና አፈሩን ይዩ። የስፖርቱ የበላይ አካል፣ የዓለም አትሌቲክስ፣ ደንብ አፈር ላይ እስከ 25 ሚሊ ይፈቅዳል። ተፈቀደ ማለት ግን ያስፈልጋል ማለት አይደለም። ደረቅና የተጠቀጠቀ አፈር ከሆነ 9 ይበቃዋል። ዘንቦ ከላላ 12።

ጥርጣሬ ካለ እንዲህ ያድርጉ። ልጁ በሙሉ ፍጥነት ይንደርደርና ይዝለል፤ እርስዎ ሄደው ዱካውን ይዩ። ሚስማሩ የገባበት ቀዳዳ ጥርት ብሎ ከታየ ልኩ ነው። መሬቱ በማረሻ የተጫረ ከመሰለ እግሩ እየተንሸራተተ ነው፤ አንድ ደረጃ ይጨምሩለት። ጓል አብሮ እየተነሳ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ሚስማሩ ረዝሟል፤ ልጁ ጉልበቱን የሚጨርሰው መሬት በመንቀል ነው ማለት ነው።

ባለ 6ቱን ግን እንዳይጥሉት። የጎማ ትራክ ላይ የሚወዳደር ቀን ይፈልገዋል።

ልጄ ውድድር ሄዳ ሚስማሯን «ሩብ ኢንች ፒራሚድ ካልሆነ አትገቢም» አሏት። ዓለም አቀፉ ደንብ 9 ሚሊ አይደለም ወይ? (አባት፣ ከሜሪላንድ)

ነው። በዓለም አትሌቲክስ ደንብ ሰው ሠራሽ ትራክ ላይ ጣሪያው 9 ሚሊ ነው፤ ለከፍታ ዝላይና ለጦር ውርወራ 12። ግን የትራኩ ባለቤት ከዚያ በታች ሊወስን ይችላል። አሜሪካ ብዙ ትምህርት ቤቶች ሩብ ኢንች፣ ማለትም 6 ሚሊ ከምናምን፣ ብቻ ነው የሚፈቅዱት። ፒራሚድ የሚሉት ሥሩ ሰፊ፣ ወደ ጫፉ የሚሾል ሚስማር ነው። ትራክ ማሳደስ ቀላል ወጪ አይደለም፤ እንደ መርፌ የቀጠነ ረጅም ሚስማር ደግሞ ጎማውን ይበሳሳዋል።

ልጅዎ ምንም አልቀረባትም። የጎማ ትራክ ላይ ሚስማር ጠልቆ መግባት የለበትም። ጎማውን ተጭኖ መያዝ፣ ከዚያ ቶሎ መልቀቅ ነው ሥራው። ጠልቆ የገባ ሚስማር ሲወጣም ይጎትታል።

በነገራችን ላይ የሚስማር ጣጣ ዛሬ አልተጀመረም። በ1968 እ.ኤ.አ. ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሠራሽ ትራክ ላይ ሲካሄድ፣ ፑማ እንደ ብሩሽ ጥቃቅን 68 ሚስማሮች ያሉት ጫማ ሠርቶ ነበር። አሜሪካዊው ሯጭ ጆን ካርሎስ በዚያ ጫማ በአሜሪካ ማጣሪያ 200 ሜትርን ከዓለም ክብረ ወሰን በታች ሮጠ። ሰዓቱ አልጸደቀለትም። ዛሬ በአንድ ጫማ ከ11 ሚስማር በላይ አይፈቀድም።

ከፍታ እዘላለሁ። በፊትም በተረከዝም 12 ሚሊ አስገብቼ ቁርጭምጭሚቴን ያመኝ ጀመር። ሚስማሩ ይሆን?

ሊሆን ይችላል። አንተ የምትመጣው በኩርባ ነው፤ ሰውነትህ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። የመነሻ እግርህ ሲያርፍ ተረከዙ ይቀድማል። የከፍታ ጫማ ተረከዙ ላይ ሚስማር ያለው ለዚህ ነው። ያለዚያ፣ በተለይ ዝናብ ከጣለ፣ ተረከዝህ ሸርተት ይላል።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። እግርህ ገና መሬት ላይ እያለ ሰውነትህ ጀርባውን ለዘንጉ ለመስጠት መዞር ይጀምራል። ፊት ያለው ሚስማር እግርህን ቸንክሮ ከያዘው፣ የሚጠመዘዘው ቁርጭምጭሚትህ ወይ ጉልበትህ ነው። እኔ ብሆን ተረከዙን ወደ 9፣ ፊቱን ወደ 6 አወርድ ነበር። ሕመሙ ካልተወህ ግን ጫማ መቀያየሩን ትተህ ሐኪም ጋ ሂድ።

ሚስማሩ አልፈታ አለኝ። ምን ይሻላል?

ይሄን በደንብ አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ የውድድር ዋዜማ ማታ፣ ከግራ ጫማዬ ሦስተኛው ሚስማር አልወጣ አለኝ። በንዴት ፒንሳ አንስቼ ጠመዘዝኩት። አናቱ ተቆርጦ እጄ ላይ ቀረ፤ ሥሩ እዚያው ተቀብሮ። በማግስቱ በጎደለ ጫማ ዘለልኩ።

አንተ አትቸኩል። መጀመሪያ በሚስማሩ ዙሪያ የደረቀውን አፈር በመርፌ ጫር ጫር አድርገህ አውጣ። አንዲት ጠብታ የማሽን ዘይት ጣልበትና እደር። ጠዋት ቁልፉን ቀጥ አድርገህ፣ ወደ ታች እየተጫንክ ቀስ ብለህ ፍታ። ቁልፉ እያዳለጠ ከሆነ ያን ጊዜ ፒንሳ፣ ግን በትዕግሥት።

ስታስገባ ደግሞ መጀመሪያ በጣትህ አዙረው። በጣት ካልገባ ተጣሟል፤ አውጥተህ እንደገና ጀምር። ቁልፍ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ጠበቅ ሲል አቁም። የመኪና ቡሎን አይደለም፣ ከልክ በላይ ካጠበቅከው የቀዳዳው ጥርስ ይበላል። ጥርሱ ላይ ትንሽ ቫዝሊን ብትቀባው ለከርሞ ትገላገላለህ።

አንድ ቀዳዳ ባዶ ቢቀርስ?

ደንቡ የሚከለክለው መብዛቱን ነው፤ ቢጎድል ችግር የለም። ግን ባዶው ቀዳዳ አፈር ይሞላል፣ ከዚያ ጥርሱ ይበላሻል። መድፈኛ ግዛለት።

በአጭር ርቀት ሩጫ ስፓይክ ርዝመት መዝለል ይቻላል?

ለጀማሪ፣ አዎ። ለስሉስ ዝላይ ግን አልመክርም። ያኛው አንዱን እግር ደጋግሞ የሚቀጠቅጥ ዝላይ ነው፤ የሯጭ ጫማ ተረከዙ ባዶ ነው ማለት ይቻላል።

ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ከፍ ያደርጋል ይላሉ። እውነት ነው?

በ1957 እ.ኤ.አ. የሶቪየቱ ከፍታ ዘላይ ዩሪ ስቴፓኖቭ የመነሻ እግሩ ሶል ወፍራም በሆነ ጫማ 2.16 ሜትር ዘሎ የዓለም ክብረ ወሰን ያዘ። ጩኸቱ ቀለጠ። ክብረ ወሰኑ ባይሰረዝበትም ወዲያው የሶል ውፍረት ላይ ገደብ መጣ። አሁን ገደቡ ለሁሉም ዝላይ 20 ሚሊ ነው። ስለዚህ የምትገዛው ጫማ ለውድድር ከሆነ፣ ከመክፈልህ በፊት ውፍረቱን ጠይቅ።