ከቤት የሚሠራ ትንሽ ንግድ፣ ኤልኤልሲና ታክስ፦ ጥያቄና መልስ

ዛሬ ማታ ለቡድናችን አባላት የታክስ ጥያቄ ክፍት ነኝ። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ፣ ከደመወዝ ሥራችሁ ጎን ቤታችሁ ሆናችሁ የምትሸጡ፣ ጠይቁ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልናገር፦ ኤልኤልሲ (ዕዳው ከባለቤቱ ንብረት የሚለይ የንግድ ድርጅት) መክፈት ብቻውን ታክስ አይቀንስም።

ጥያቄ (በርበሬ ሻጭ፣ አሌክሳንድሪያ)፦ ጋሼ፣ ቀን ሆስፒታል እሠራለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ በርበሬ አዘጋጅቼ እሸጣለሁ። ዓምና 18,000 ዶላር ገባኝ፣ 7,000 ያህል ወጪ አለኝ። ኤልኤልሲ ካልከፈትሽ ታክስ መሙላት አትችይም አሉኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ እህቴ። መሸጥ ከጀመርሽበት ቀን ጀምሮ ባለ ንግድ ነሽ። ሼጁል ሲ የሚባለውን የንግድ ገቢና ወጪ ቅጽ ትሞያለሽ፣ ከ1040 (ከዓመታዊው የግል ታክስ ቅጽሽ) ጋር ይሄዳል፣ አለቀ። ትርፍሽ 11,000 ነው። ሰው የሚደነግጠው ከዚህ በኋላ ነው። ከገቢ ታክሱ ሌላ የራስ ሥራ ታክስ የሚባል 15.3 በመቶ አለ። ሆስፒታሉ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬሩን (የጡረታና የአረጋውያን ሕክምና መዋጮውን) ግማሽ ይከፍልልሻል። በርበሬው ላይ ግን አሠሪዋም ሠራተኛዋም አንቺ ነሽ። የሚሰላው በትርፉ 92.35 በመቶ ላይ ስለሆነ 1,554 ዶላር ገደማ ይመጣል። ብቻሽን የያዝሽው ኤልኤልሲ ቢኖርሽም ቁጥሩ ያው ነው። አይአርኤስ (የፌዴራል ታክስ መሥሪያ ቤቱ) አንቺንና እሱን ለይቶ አያይም።

ኤፕሪል ላይ እንዳትደነግጪ ቀላል መንገድ አለ። ሥራ ቦታሽ ደብሊው ፎር (ከደመወዝሽ ስንት ታክስ እንደሚቆረጥ የሚወስነውን ቅጽ) ቀይሪና ከየደመወዝሽ ትንሽ ጨምረው እንዲቆርጡ አድርጊ። በየሩብ ዓመቱ ከመክፈል ይገላግልሻል።

ኤልኤልሲ የሚጠቅመው የንግዱን ዕዳ ከቤትሽና ከመኪናሽ ለመለየት ነው። እሱም ገንዘቡን ከለየሽ ነው። የበርበሬው ገንዘብ በዜል (በስልክ መላኪያው) የሚገባበት አካውንት የቤት ኪራይ የሚወጣበት ከሆነ፣ ክስ ሲመጣ የከሳሽ ጠበቃ መጀመሪያ የሚያነሳው እሱን ነው። ለንግዱ የተለየ አካውንት ክፈቺ።

ጥያቄ፦ እኔ 1099 (ከፋዮች የሚልኩት የገቢ ማስታወቂያ ወረቀት) አልመጣልኝም። ልተወው?

መልስ፦ አትተወውም። ወረቀት መጣም አልመጣም ገቢ ገቢ ነው። የተጣራ ትርፍህ 400 ዶላር ከደረሰ የራስ ሥራ ታክሱን ትሞላለህ።

ጥያቄ፦ ታክስ እንዴት ይቀነሳል?

መልስ፦ ምን ትሸጣለህ? የት ስቴት ነህ? ትርፍህ ስንት ነው? ይህን ሳትጽፍ ምን ብዬ ልመልስልህ?

አንድ አባል፦ ደላዌር ክፈቱ፣ እዚያ ታክስ የለም። እኔ እንደዚያ ነው ያደረግሁት።

ሌላ አባል፦ ደላዌር ለትልልቅ ኩባንያ ነው፣ ሰው አታሳስት።

መልስ፦ ሁለተኛው ልክ ነው። ሥራው የሚሠራው ቨርጂኒያ ከሆነ ታክሱም እዚሁ ነው። ደላዌር በዓመት 300 ዶላር ይወስድብሃል፣ ቨርጂኒያ ደግሞ የውጭ ስቴት ድርጅት ነህና ተመዝገብ ይልሃል። እዚሁ ብትከፍት መመዝገቢያው 100 ዶላር ነው፣ ከዚያ በዓመት 50። የሜሪላንዶች የእናንተ ዓመታዊ ክፍያ 300 ነው፣ አስቡበት። ኢአይኤን (የንግዱ የታክስ መለያ ቁጥር) ደግሞ አይአርኤስ በነጻ ይሰጣል። ለእሱ ብር የሚጠይቃችሁን አትክፈሉ።

ጥያቄ፦ እቁብ ደርሶኝ 20,000 ዶላር ንግዱ አካውንት ውስጥ አስገባሁ። ገቢ ነው?

አንድ አባል፦ ገቢ ነው እንጂ! ባንኩ ራሱ ሪፖርት ያደርጋል።

ሌላ አባል፦ እኔ ወርሃዊ መዋጮዬን ወጪ ብዬ ነው የማስሞላው። ሂሳብ ሠራተኛዬ ይቻላል ብሎኛል።

ሦስተኛ አባል፦ ለዚህ ነው እኮ በየአምስት ሺው እየከፋፈላችሁ አስገቡ የምለው።

መልስ፦ ሦስታችሁም ቆዩ። እቁብ የራስህ ቁጠባ ነው። ስትጥል ወጪ አይደለም፣ ሲደርስህ ገቢ አይደለም። መዋጮውን ወጪ ብሎ የሚሞላልህ ሂሳብ ሠራተኛ ኦዲት ሲመጣ አብሮህ አይቆምም፣ ተጠያቂው ፈራሚው አንተ ነህ። ባንኩ ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ሲገባ ሪፖርት ያደርጋል፣ እሱ የተለመደ አሠራር እንጂ ታክስ አይደለም። ከሪፖርቱ ለማምለጥ ብሎ መከፋፈል ግን በራሱ ወንጀል ነው፣ ገንዘቡ ንጹሕ ቢሆንም እንኳ። እባካችሁ ይህን ምክር ለማንም አትስጡ።

ጠያቂው፣ ዕጣው ንግዱ አካውንት ውስጥ መግባት አልነበረበትም። አሁን ወደ ግል አካውንትህ አዛውረው። የእቁቡን ዝርዝር ከነቀኑ ፎቶ አንስተህ አስቀምጥ፣ የጸሐፊው ደብተር ላይ ስምህና መጠኑ ይታይ። ኦዲተር አካውንትህ ውስጥ የገባውን ሁሉ ደምሮ ሽያጭ ነው ቢል መልስህ ያ ወረቀት ነው። ለዚህ ነው የተለየ አካውንት እያልኩ የምጨቀጭቃችሁ።

ጥያቄ፦ ኩሽናዬን የሆም ኦፊስ (ቤት ውስጥ ያለ የንግድ ቦታ) ብዬ ከታክስ ልቀንስ?

መልስ፦ ቤተሰብ የሚበላበት ኩሽና አይሆንም። ቦታው ዘወትርና ለንግዱ ብቻ መዋል አለበት። ዕቃ ማስቀመጫ ላይ ግን ሕጉ ይላላል። ሌላ የንግድ ቦታ ከሌለሽና ቤዝመንት ውስጥ የታሸገ በርበሬ ዘወትር የሚቀመጥበት ተለይቶ የሚታወቅ ጥግ ካለሽ፣ አልፎ አልፎ ለሌላ ነገር ቢውልም ይቆጠርልሻል። ቀላሉ ዘዴ በስኩዌር ፊት 5 ዶላር ነው፣ እስከ 300 ስኩዌር ፊት።

ጥያቄ፦ ኤች ዋን ቢ (በአሠሪ በኩል የሚሰጥ የሥራ) ቪዛ ላይ ነኝ፣ መሸጥ እችላለሁ?

መልስ፦ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቅ። ሳትጠይቅ አትጀምር።

ጥያቄ፦ ለእናቴ አዲስ አበባ የምልከውን ወጪ ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ ለኑሮዋ ከሆነ አይቻልም። በርበሬውን አስፈጭታ የምትልክልሽ እሷ ከሆነች የበርበሬውና የወፍጮው ዋጋ የንግድ ወጪ ነው፣ ደረሰኝ ይኑርሽ።

ጥያቄ፦ ኤስ ኮርፕ (ባለቤቱ ከራሱ ድርጅት ደመወዝ የሚቀበልበት የታክስ ምርጫ) ሁን እያሉኝ ነው። ትርፌ 15,000 ነው።

መልስ፦ ተወው። ኤስ ኮርፕ ከሆንክ ለራስህ ተገቢ ደመወዝ በፔይሮል (ታክስ እየተቆረጠ በሚከፈል ደመወዝ) ትከፍላለህ፣ 1120 ኤስ የሚባል ሌላ የታክስ ቅጽ እስከ ማርች 15 ታስገባለህ። ከዘገየህ ቅጣቱ በየወሩ ከ200 ዶላር በላይ ነው። ለፔይሮልና ለሂሳብ ሠራተኛ የምታወጣው የምታተርፈውን ይበላዋል። ትርፍህ ሲያድግ ተመልሰህ ጠይቀኝ።

ጥያቄ፦ ኤልኤልሲ ከከፈትኩ ታክሱ ይቀንሳል አይደል?

መልስ፦ ከላይ ሁለት ጊዜ መልሻለሁ። አንብበው።

ጥያቄ፦ ኤልኤልሲውን ከባለቤቴ ጋር በሁለታችን ስም ብንከፍተውስ?

መልስ፦ ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ ሁለት አባል ያለው ኤልኤልሲ እንደ ሽርክና ይቆጠራል፣ ባልና ሚስት ብትሆኑም። ፎርም 1065 ይሞላል፣ እሱም የማርች 15 ነው። ትርፉ ትንሽ ከሆነ በአንዳችሁ ስም ክፈቱት፣ የኤፕሪሉን የጋራ ታክሳችሁን እንደተለመደው ሙሉ።