አዲሱ ማሽን ውሃ አላስገባ ሲል

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ ጤና ይስጥልኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት አዲስ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ገዝተን በባለሙያ አስገጥመናል። ይሁን እንጂ ስናስጀምረው ከኋላው ጥዝዝ የሚል ድምፅ እያሰማ ጥቂት ደቂቃ ይቆይና ውሃ ሳያስገባ የስሕተት ምልክት አሳይቶ ይቆማል። የምንጠቀመው ግቢያችን ውስጥ በብረት መቆሚያ ላይ ከተቀመጠ ሮቶ የሚወርድ ውሃ ሲሆን፣ ማሽኑ የተገጠመበት ቧንቧ ሲከፈት ባልዲ በደንብ ይሞላል። የሚገርመው፣ ባለፈው ቅዳሜ ሌሊት የመስመር ውሃ መጥቶ ሳለ ብንሞክረው እስከ መጨረሻው አጥቧል። ባለሙያው የውሃ ማስገቢያው ቫልቭ ስለተቃጠለ ይቀየር ይላል፤ ባለቤቴ ደግሞ ማሽኑ ለሻጩ ይመለስ ባይ ነው። ምን ትመክሩናላችሁ?
አንባቢያችሁ፣ ከኮተቤ

መልስ፦ የቅዳሜውን ሌሊት ነገር መጻፍዎ ሥራችንን አቅልሎልናል። የተቃጠለ ቫልቭ የመስመር ውሃ ቢመጣም አይከፈትም፤ ጥዝዝ የሚለው ድምፅም ኤሌክትሪክ ቫልቩ ዘንድ መድረሱን ያሳያል። ስለዚህ ለአዲስ ቫልቭ ገንዘብ አያውጡ፣ ማሽኑንም ለመመለስ አይቸኩሉ። የጎደለው የውሃው ግፊት ነው ብለን እናምናለን።

ባልዲው መሙላቱ ብዙ ሰው ያሳስታል። ክፍት ቧንቧ ውሃ ለማውረድ እምብዛም ግፊት አያሻውም። በማሽኑ ቫልቭ ውስጥ ግን ኤሌክትሪኩ የሚከፍተው አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ሲሆን፣ ዋናውን መተላለፊያ የደፈነውን ስስ ጎማ የሚያነሣው ራሱ የውሃው ግፊት ነው፤ ግፊቱ ከደከመ ጎማው ካለበት አይነሣም። ብዙዎቹ ማሽኖች ቢያንስ ከ0.3 እስከ 0.5 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ይፈልጋሉ፤ የእርስዎ ማሽን የሚጠይቀው ልክ በመመሪያው ላይ ተጽፎ ያገኙታል። ከሮቶ የሚወርድ ውሃ ደግሞ በእያንዳንዱ ሜትር ከፍታ የሚያገኘው 0.1 ባር ያህል ነው። ከሮቶው የውሃ ልክ እስከ ማሽኑ ማስገቢያ ድረስ ያለውን ከፍታ ይለኩ፤ 2 ሜትር ከሆነ ያለዎት 0.2 ባር ብቻ ነው፣ ሮቶው ሲጎድል ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ወጪ ከማውጣትዎ በፊት ግን ማጣሪያውን ይመልከቱ። ማሽኑን ከሶኬት ነቅለው፣ ቧንቧውን ዘግተው፣ ውሃ ማስገቢያውን ጎማ ከማሽኑ ጀርባ ሲፈቱ ትንሽ ወንፊት ያገኛሉ። በፒንሳ ቀስ ብለው ስበው ያውጡትና ይጠቡት። አዲስ በተገጠመ ቧንቧ የቴፍሎን ቁራጭና ዝገት፣ ከሮቶ ሥር ደግሞ ደለል ስለሚመጣ፣ ድሮም ደካማ የሆነውን ግፊት ይህ ብቻውን ሊያስቀረው ይችላል። ጎማው ከማሽኑና ከግድግዳው መካከል ተጣጥፎ እንዳይሆንም ይዩ። (በዚሁ አጋጣሚ፣ ከጀርባው የማጓጓዣ ብሎኖቹ መፈታታቸውን ያረጋግጡ፤ ሳይፈቱ ልብስ ከተጨመቀ ማሽኑ ክፉኛ ተንቀጥቅጦ ይጎዳል።)

ወንፊቱ ጠርቶም ካልሞላ፣ መቆሚያውን ማስረዘም በመጀመሪያ የሚታሰብ መፍትሔ ነው፤ እኛ ግን አንመክረውም። 1,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሲሞላ አንድ ቶን ይመዝናል፤ 0.5 ባር ለማግኘት ይህን ሁሉ ክብደት ከማሽኑ ማስገቢያ 5 ሜትር ከፍ ማድረግ ሊኖርብዎት ነው። ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ይህ ያስፈራናል። የሚሻለው ከሮቶው በኋላ፣ ወደ ቤት በሚገባው ቧንቧ ላይ፣ ውሃ ሲከፈት ራሱ የሚነሣ አነስተኛ የግፊት ፓምፕ ማስገጠም ነው። ፓምፑ የመስመሩን ውሃ በቀጥታ እንዳይስብ ተደርጎ እንዲገጠም፣ ወደ መስመሩም መልሶ እንዳይገፋ ቼክ ቫልቭ (ውሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ) እንዲገባለት ለቧንቧ ሠራተኛው አጥብቀው ይንገሩት።

ፓምፑ እስኪገጠም ድረስ የመስመር ውሃ በሚመጣበት ሰዓት ማጠብ ይችላሉ። ያ ሰዓት አልመች ካለዎት፣ ማሽኑ ውሃ ሲጠይቅ በሳሙና ማስገቢያው በኩል በጆግ ቀስ እያሉ መጨመር ይቻላል፤ በየማለቅለቂያው ስለሚደጋገም ግን አጠገቡ መቆም ይኖርብዎታል።