ለእንግዳ ማረፊያ የክፍል ማስያዣ ሥርዓት የትኛው ፍሬምወርክ ይሻላል?

ጠያቂያችን በጎንደር ለሚገኙ ጥቂት የእንግዳ ማረፊያዎች የክፍል ማስያዣ ሥርዓት ሊሠሩ መሆኑን ገልጸው፣ እንደ ጃንጎና ላራቬል ያለ ሁሉን ያካተተ ፍሬምወርክ (የድረ ገጽ ሥራ የሚጀመርበት ዝግጁ የኮድ ማዕቀፍ)፣ እንደ ፍላስክና ኤክስፕረስ ያለ ቀለል ያለ ፍሬምወርክ፣ ወይስ ገጹን በሙሉ በሪአክት (በጃቫስክሪፕት የገጽ መሥሪያ) ሠርቶ ከኤፒአይ (ፕሮግራሞች መረጃ ከሚለዋወጡበት መገናኛ) ጋር ማገናኘት ይሻላል ብለዋል። በዚሁ ከተማ ተመሳሳይ ሥርዓቶችን በሦስቱም መንገድ ስለሠራሁ ያየሁትን እጽፍልዎታለሁ።

በእኔ እምነት ከፍሬምወርኮቹ ስም በፊት መጠየቅ ያለበት ሥራው ሰርቨር (ገጹን የሚልከው ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ላይ ይከናወን ወይስ በደንበኛው ስልክ ላይ የሚለው ነው። ጃንጎና ላራቬል በተለመደው አሠራራቸው ገጹን ሰርቨር ላይ አዘጋጅተው ያለቀ ኤችቲኤምኤል (ስልኩ በቀጥታ የሚያሳየው የገጽ ጽሑፍ) ስለሚልኩ፣ ስልኩ የደረሰውን ያህል ወዲያው ማሳየት ይጀምራል። በሪአክት ብቻ የተሠራ ገጽ ግን አስቀድሞ የጃቫስክሪፕት ኮዱን ያወርዳል፣ ስልኩ ላይ ያስኬደዋል፣ ከዚያም መረጃውን ከኤፒአይ ይጠይቃል፤ ከነዚህ አንዱ መሐል ላይ ቢቋረጥ እንግዳው የሚያየው ባዶ ነጭ ገጽ ነው። ኔትወርኩ ደህና በሆነ ቀን ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም። ከተማው ለጥምቀት በሚሞላበት ሳምንት ግን ክፍል የሚፈልገው ሰውም፣ የሚጨናነቀው ኔትወርክም በአንድ ጊዜ ስለሚበዛ ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል። ሪአክትን በኔክስት (በሪአክት ላይ በተሠራ ፍሬምወርክ) አማካይነት ሰርቨር ላይ ማዘጋጀት እንደሚቻል አውቃለሁ፤ ያ ግን ክትትል የሚፈልግ ተጨማሪ ሰርቨር ማለት ነው።

በዚህ ዓይነት ሥርዓት ከሁሉ የከፋው ጉዳት አንድን ክፍል ለሁለት እንግዳ መስጠት ነው። ብዙ ፕሮግራመሮች ክፍሉ ነጻ መሆኑን በኮድ አረጋግጠው ቀጥለው ይመዘግባሉ፤ ነገር ግን ሁለት ጥያቄዎች እኩል ከደረሱ ሁለቱም ክፍሉን ነጻ ሆኖ ያገኙታል፣ ሁለቱም ይመዘግባሉ። ይህ በር መዘጋት ያለበት በዳታቤዙ ነው። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ለአንድ ክፍል የተመዘገቡ ቀናት እንዳይደራረቡ የሚከለክል እገዳ አለው፤ ጃንጎም ከ3.0 ጀምሮ ይህንኑ እገዳ በሞዴሉ (የመረጃው ቅርጽ በሚገለጽበት ኮድ) ውስጥ እንድንጽፍ ይፈቅዳል። የቀኑ ክልል መነሻውን አካትቶ መድረሻውን ስለሚተው፣ አንዱ እንግዳ በለቀቀበት ዕለት ሌላው ያለ ችግር ይገባል። በፍላስክም ይህንን ማድረግ ይቻላል፤ ሆኖም የዳታቤዝ መሣሪያውን፣ የመግቢያ ፈቃዱንና የቅጽ ማረጋገጫውን እየመረጡ ማገጣጠም የእርስዎ ድርሻ ይሆናል። ፍላስክን የምመርጠው አንድ ውስን አገልግሎት ብቻ ለሚሰጥ ትንሽ ሥራ ነው።

ጃንጎ የተወለደው በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት በሚገኝ የጋዜጣ ድርጅት ውስጥ ሲሆን ለሕዝብ የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ፕሮግራመር ያልሆኑ የዝግጅት ክፍል ሠራተኞች መረጃ ማስገባት ስለነበረባቸው የአስተዳደር ገጹ አብሮት የሚመጣ ነው። የእንግዳ ተቀባዩም ፍላጎት ከዚያ ብዙ ስለማይርቅ፣ ክፍሎችንና ዋጋዎችን የሚያስተካክልበት ገጽ በአጭር ጊዜ ይደርስለታል። በላራቬል ይህ ለብቻው የሚጨመር ነው። ይሁን እንጂ አብሮዎት የሚሠራው ሰው ላራቬል የተጻፈበትን የፒኤችፒ ቋንቋ የለመደ ከሆነ ላራቬልን ያለ ማመንታት ይምረጡ፤ ሥርዓቱን ወደፊት የሚያስተካክለው ሰው የሚያውቀው ቋንቋ ከአስተዳደር ገጹ ይበልጣል።

የዘመን አቆጣጠሩን ግን አንዳቸውም አይሠሩልዎትም። ቀኑን በዳታቤዙ ውስጥ በፈረንጆች አቆጣጠር ያስቀምጡ፣ ወደ እኛ አቆጣጠር የሚቀይሩት ገጹ ላይ ሲያሳዩ ብቻ ይሁን። ጥር 11 ብዙውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ላይ ቢውልም፣ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ስለሚሆን፣ ቀኑን በቋሚነት ኮድ ውስጥ የጻፈ ሥርዓት በዋናው የገበያ ሳምንት የአንድ ቀን ስህተት ይፈጥራል።

ሪአክትን ሙሉ በሙሉ ይተዉት አልልም። እንግዳ ተቀባዩ የወሩን ክፍሎች በአንድ ሰንጠረዥ እያየ ምዝገባዎችን ከክፍል ወደ ክፍል የሚያዛውርበት ገጽ ለእርሱ የሚመች ስለሆነ፣ ያንን አንድ ገጽ ብቻ በሪአክት ሠርተው በጃንጎው ውስጥ ማስገባት ይችላሉ። ሥራውንም ከመጀመሪያው በፖስትግሬስ ይጀምሩ፤ አዲስ የጃንጎ ፕሮጀክት ሲፈጠር ይዞት የሚመጣው ኤስኪውላይት የተባለው ቀላል ዳታቤዝ ከላይ የጠቀስኩትን እገዳ አይቀበልም።