«በልዩ ልዩ የመንግሥት ሥራ አገልግለው»

ይድረስ ለእትዬ፣

እንዴት ሰነበቱ? አባቴ ካረፈ 28 ቀኑ ነው። የእሱ ኀዘን ሳያንሰኝ ታላቅ ወንድሜ አንጀቴን አሳረረው።

አባታችን ሃምሳ አለቃ ነበር። በ1965 ተቀጥሮ እስከ 1983 ድረስ 18 ዓመት በውትድርና ኖሯል። በ1970 ጅጅጋን ለማስለቀቅ ካራማራ ላይ ከተዋጉት አንዱ ነው። ግራ ትከሻው ላይ ያለውን ጠባሳ በጣቴ እየዳሰስኩ ነው ያደግሁት። ኋላ ሰሜን ተላከ፤ መንግሥት ሲወድቅም እዚያው ነበር። ጴጥሮስ ወጳውሎስ ስንቀብረው ወንድሜ የጻፈውን የሕይወት ታሪክ የእድሩ ጸሐፊ አነበቡት። ያ ሁሉ ዘመን ምን ተብሎ እንደታለፈ ልንገርዎት? «በልዩ ልዩ የመንግሥት ሥራ አገልግለው»። በቃ! ከዚያ ወዲያ ፒያሳ በጥበቃ ሥራ ስለቆየበት ጊዜ፣ ስለ አምስት ልጆቹ፣ ስለ ልጅ ልጆቹ ብዛት ነው የተነበበው።

አብረውት ካራማራ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ደረታቸው ላይ ይዘው ቆመው ነበር። ያቺ ነገር ተነብባ ስታልፍ ኮፍያቸውን መልሰው አደረጉና ሳይሰናበቱን ሄዱ። ድንኳንም አልመጡ።

ወንድሜን ስጠይቀው «ለቀስተኛ ፊት ፖለቲካ አላነሣም» አለኝ። የአገር ድንበር ፖለቲካ ነው? አባቴን ለሕክምና ጥቁር አንበሳ ስወስደው ትግላችን ሐውልትን ቆም ብሎ ሳያይ አያልፍም ነበር። በዚያ ጦርነት ለወደቁት የኩባ ወታደሮች እዚያ ምስል ቆሞላቸዋል፤ ወንድሜ ለገዛ አባቱ አንድ መስመር ነፈገው። ደግሜ ስጮህበት «አንቺ አላየሽም፣ ዝም በይ» ብሎ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ታላቅ ነኝ ብሎ ሁልጊዜ እንደናቀኝ ነው።

እኔ ምን አላየሁም? አባቴ እኮ ቤት ውስጥም ወታደር ነበር። ማታ ማታ የአምስታችንን የትምህርት ቤት ጫማ ጠርጎ፣ ቀለም ቀብቶ፣ በር ሥር ተረከዝ ለተረከዝ ገጥሞ ይደረድረዋል። ጠዋት ስንነሣ ልክ እንደ ሰልፍ ነው። በ1984 መጀመሪያ «ለገሃር አካባቢ ታይቷል» ሲባል እናቴ ወንድሜን ላከችው፤ ያን ጊዜ 16 ዓመቱ ነበር። እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነኝ፤ ሲገቡ ተኝቻለሁ። አባቴ ይዞ የመጣው ቡሩሽና ቀለም ያለባት አንዲት የእንጨት ሣጥን ብቻ ነበር፤ በነጋታው ማታ ነው ጫማችንን መጥረግ የጀመረው። ሣጥኗ እስከ ዛሬ አልጋው ሥር ናት።

እናቴ «ተዉት፣ የሞተን ሰው አታነታርኩት» እያለች ታለቅሳለች። እህቶቼም ከእሱ ጋር ናቸው። እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔ መቃብሩ ላይ የሚቆመውን ድንጋይ «ሃምሳ አለቃ» ብለው እንዲቀርጹበት ቀብድ ከፍያለሁ። ወንድሜ አያውቅም። አርባው 12 ቀን ቀርቶታል። ድንጋዩ ቆሞ ሲያየው ይወቅ ወይስ አስቀድሜ ልንገረው? እኔስ ልጁ አይደለሁም?

የወታደር ልጅ፣ ከአራት ኪሎ

*

ልጄ፣ የአባትሽን ነፍስ ይማር።

«ሃምሳ አለቃ» ተብሎ ይጻፍ። በዚህ ነገር ገለልተኛ ልሆን አልችልም። የእኔ ወንድም በ1982 ምጽዋ ላይ ቀርቷል፤ የት እንደወደቀ ስለማናውቅ ስሙን የምንጽፍበት ድንጋይ እንኳ የለንም። እናቴ እስክትሞት ድረስ በር ሲንኳኳ ትደነግጥ ነበር። ያንቺ አባት መቃብር እያለው ማዕረጉ ተሸሽጎ መቀበር የለበትም። በድብቅ መሆኑን ግን አልወደድኩትም፤ ምክንያቱን ልንገርሽ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ ያስቆመችኝ ያቺ ሣጥን ናት። አንቺ በአንድ መስመር አለፍሻት። ልጄ፣ ከግንባር የሚመለስ ወታደር ስልቻ ይይዛል፣ ብርድ ልብስ ይይዛል። ቡሩሽና ቀለም ያለባትን የእንጨት ሣጥን ለገሃር ላይ ማን ይዟት እንደሚቀመጥ የአዲስ አበባ ልጅ ሆነሽ እንዴት ጠፋሽ?

አንቺ ሰባት ዓመትሽ ነበር፤ እኔ ግን ያን ጊዜ ሜክሲኮ አካባቢ እሠራ ነበር። ከ400 ሺህ በላይ ሰው የነበረበት ሠራዊት ነው የተበተነው። ከፊሉ ታጠቅና ሌላም ካምፕ ገባ፤ ከኤርትራ በእግሩ ሱዳን ተሻግሮ፣ ከርሞ የመጣም ብዙ ነው። ማዕረጉን የነቀለ፣ ካኪው የነተበ ሰው ስታዲየም አጥር ሥር ተቀምጦ እጁን ሲዘረጋ፣ መንገደኛው ፊቱን ሲያዞርበት በዓይኔ አይቻለሁ። «የደርግ ወታደር» የሚለው ቃል ስድብ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አባትሽ እጁን አልዘረጋም። ቡሩሽ ገዛ።

ወንድምሽ በ16 ዓመቱ አባቱን ያገኘው ከማያውቁት ሰው እግር ሥር አጎንብሶ ጫማ ሲጠርግ ነው እላለሁ። ከለገሃር አራት ኪሎ ድረስ በጨለማ ሲመጡ ምን እንደተባባሉ ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። «ለእናትህ እንዳትነግር» ተብሎም ይሆናል። «አንቺ አላየሽም» ሲልሽ አንቺ ንቀት ሰማሽ፤ እኔ የሰማሁት ግን ይህን ነገር ከ30 ዓመት በላይ ብቻውን የተሸከመን ሰው ነው። ውትድርናውን ከወረቀቱ ላይ ሲያወጣ ካራማራን መርሳቱ አይመስለኝም። ያን ዘመን ካነሣ መጨረሻውም እንዳይነሣበት ፈርቶ ነው።

ልክ አደረገ አላልኩም! ኮፍያቸውን አውልቀው የቆሙትን አዛውንት ያስቀየመው እሱ ነው፤ በእግሩ ቤታቸው ሄዶ ይቅርታ ይጠይቅ፤ አንቺም አብረሽው ሂጂ። ለአርባው የክብር ወንበር ይሰጣቸው። ስለ ካራማራ አንቺም ወንድምሽም ከምትጽፉት እሳቸው ቢናገሩት ይሻላል፤ እዚያ የነበሩት እሳቸው ናቸው።

የእናንተ ድርሻ ጫማዎቹ ናቸው። እነሱን ከእናንተ ሌላ የሚያውቅ ሰው የለም። በመንገደኛ እግር ሥር ባጎነበሰበት በዚያው ቡሩሽ ማታ ቤቱ ገብቶ የልጆቹን ጫማ ጠረገ፤ ያቺን ሣጥን አልጣላት፣ አልደበቃት። ለአርባው በሚነበበው ላይ ይህ ይጻፍ፤ በወንድምሽ እጅ ቢጻፍ ደግሞ ደስ ይለኛል።

አሁን ቀራጩ ጋ ደውለሽ «ሦስት ቀን ታገሠኝ» በዪው። ቅዳሜ ወንድምሽን ቤት ጥሪው፤ ቡና አፍዪ። ስለ ድንጋዩ ወዲያው እንዳትጀምሪ፣ ስለ ቀብሩም እንዳትወቅሺው። ሣጥኗን ከአልጋው ሥር አውጥተሽ ፊቱ አስቀምጫት። «ያን ቀን ለገሃር ምን አየህ?» በዪውና ዝም በዪ። አንደኛውም ሁለተኛውም ሲኒ ቢያልፍ፣ እስኪናገር ድረስ ዝም በዪ።